ወንዝ ዳር ፎቶ ለማንሳት ካሰባችሁ

ወንዝ ቁልቁል ወደሚታይበት ቦታ ስትሄዱ ፀሐይ ሳትወጣ ድረሱ። በቀዝቃዛ ማለዳ ውሃው ከአየሩ ስለሚሞቅ ጉም ይነሳል፤ ፀሐይ ጠንከር ስትል ግን ይጠፋል። እኔ እኩለ ቀን ላይ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች በሙሉ አጥፍቻቸዋለሁ። ውሃው ነጭ፣ ጥላው ጥቁር!

ውሃው እንደ ሐር ለስልሶ እንዲታይ የካሜራችሁን ሹተር (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ግማሽ ሰከንድ አካባቢ ክፍት እንዲቆይ አድርጉት። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ከሌላችሁ ደረቅ ድንጋይ ላይ አስደግፉትና በ2 ሰከንድ ታይመር አንሱ፤ በጣት ሲጫኑት ካሜራው መነቃነቁ አይቀርም። አረንጓዴ የለበሰ ድንጋይ ላይ እንዳትቆሙ፣ ያንሸራትታል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ ደግሞ ወደ ላይ በኩል ዘንቦ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ከዳርቻው ራቁ።

ከዚያ በኋላ ስልኩን ኪስ ከታችሁ ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉ። ወፎቹም የሚመጡት ያኔ ነው።