ጀርመንኛ ቤት ቁጭ ብሎ በስልክ መማር፦ ከየት ልጀምር ለምትሉ

ጀርመንኛ መማር እፈልጋለሁ ግን ለክላስ የሚሆን ብርም ሰዓትም የለኝም የምትሉ ብዙ ናችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ስልክና ኢንተርኔት ካላችሁ ከዜሮ ተነስቶ እስከ ቢ1 (የቋንቋ ደረጃዎቹ ከታች ወደ ላይ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 እያሉ ነው የሚሄዱት) የሚያደርስ ነፃ ትምህርት ጀርመኖቹ ራሳቸው አዘጋጅተው አስቀምጠውታል። የሚያስቸግረው የትምህርቱ ብዛት ነው፣ ሰው አስር አፕ ይጭንና አንዱንም ሳይጨርስ ይተወዋል። ሌላው አጥብቄ የማምንበት ነገር ባህሉን "ቋንቋውን ስችል እደርስበታለሁ" ብላችሁ ለኋላ እንዳታቆዩት ነው፣ ምግቡን ኳሱን ሙዚቃውን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከሰዋስው ጎን ለጎን ካላስኬዳችሁት ኤ1 መሃል ላይ መሰልቸት ይመጣል።

1ኛ. ፊደሉንና ድምፁን ያዙ

ጀርመንኛ የንባብ ህጉን አንዴ ከያዛችሁት የማታውቁትን ቃል እንኳን አይታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ፣ እንግሊዝኛ ላይ የምናየው የስፔሊንግ ጣጣ እዚህ በጣም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለዚህ ብቻ ስጡ። ዳብልዩ "ቭ" ተብሎ ይነበባል፣ ቪ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ "ፍ"፣ ዜድ "ትስ"፣ ጄ "ይ"። ኢ (E) ቀድማ አይ (I) ስትከተላት "አይ" ይሆናል፣ ሲገለበጥ ደሞ ረዘም ያለ "ኢ"። ቃል መጀመሪያ ላይ ኤስ ከቲ ወይ ከፒ ጋር ሲመጣ "ሽት" እና "ሽፕ" ነው የሚባለው።

ለኛ የሚከብዱት ሁለት ናቸው፣ ባለ ሁለት ነጥቦቹ ዩ እና ኦ። ለመጀመሪያው ከንፈራችሁን "ኡ" ልትሉ እንደሆነ አሞጥሙጡና ከንፈሩን ሳታንቀሳቅሱ "ኢ" በሉ፣ ለሁለተኛው በ"ኦ" ከንፈር "ኤ" በሉ። መስታወት ፊት ቁሙና ሞክሩት፣ ይመጣል።

ከዛ ስማችሁን በጀርመንኛ የፊደል አጠራር መቁጠር ተለማመዱ። ኤ1 ፈተና ላይ ራሳችሁን ስታስተዋውቁ ፈታኙ ስምህን ፊደል በፊደል ንገረኝ፣ ስልክ ቁጥርህን በል ይላል፣ እዛ ላይ የሚደናገር ሰው ብዙ ነው። ዋይ "ኡፕሲሎን" ይባላል፣ ጄ "ዮት"፣ ቪ "ፋው"፣ ዳብልዩ "ቬ"፣ እና የኛ ስሞች ደሞ ዋይና ዳብልዩ ይበዛባቸዋል። ቁጥር ላይ ከ21 ጀምሮ አንዱ ቀድሞ ሃያው ይከተላል፣ 47 "ሰባት እና አርባ" እንደማለት ነው፣ ስለዚህ ስልክ ቁጥር መጀመሪያ ላይ አንድ አንድ ዲጂት እየነጠላችሁ ተናገሩ።

2ኛ. አንድ ዋና ኮርስ ብቻ ምረጡ

የኔ ምርጫ ዶይቼ ቬለ ነው። የአማርኛውን ስርጭት ብዙዎቻችን ከቤተሰብ ጋር እየሰማን ያደግንበት፣ ከ1965 በፈረንጆቹ ጀምሮ ያለው ጣቢያ ማለት ነው፣ ጀርመንኛ የሚያስተምርበት ሰፊ ክፍል አለው፣ ሁሉም በነፃ። እዛ ላይ "ኒኮስ ቬግ" የሚባለውን ክፈቱ፣ ኒኮ የሚባል ከስፔን የመጣ ልጅ ጀርመን ኤርፖርት ሲደርስ ቦርሳው ይጠፋበታል፣ ከዛ ሰው እየተዋወቀ ቋንቋውን እየለመደ ታሪኩ ይቀጥላል። ኤ1፣ ኤ2 እና ቢ1 አለው፣ እያንዳንዱ አጭር ቪዲዮ መልመጃ ተያይዞለታል፣ አፕም አለው፣ ዩቲዩብ ላይም ይገኛል።

አንዱን ቪዲዮ እንዲህ ስሩት፦ መጀመሪያ ያለ ፅሁፍ እዩት፣ ባይገባችሁም እስከ መጨረሻ። ቀጥሎ በጀርመንኛ ሰብታይትል። ሶስተኛ ላይ አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር እያቆማችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ድገሙት፣ ከዛ በኋላ ነው መልመጃው። የእንግሊዝኛ ሰብታይትል አትክፈቱ፣ አይን የሚቀለውን ስለሚያነብ ጆሮ ስራ ይፈታል። ዳታ ውድ ነው፣ ዋይፋይ ያገኛችሁ ቀን የሳምንቱን ኦፍላይን ሴቭ አድርጉት።

እንደ መማሪያ መፅሐፍ ተራ በተራ የሚሄድ የምትመርጡ ከሆነ የጀርመን የጎልማሶች ትምህርት ቤቶች፣ ፎልክስሆኽሹለ የሚባሉት፣ የከፈቱት ነፃ የኦንላይን ፖርታል እስከ ቢ2 ይሄዳል። ከሁለቱ አንዱን ነው ታዲያ።

3ኛ. ስምን ከነፆታው፣ ግስን ከነቦታው

ጀርመንኛ ሶስት ፆታ አለው፣ ደር ለወንድ፣ ዲ ለሴት፣ ዳስ ከሁለቱም ላልሆነ። ቃል ስትፅፉ ብቻውን በጭራሽ አትፃፉት፣ "ቲሽ" (ጠረጴዛ) ሳይሆን "ደር ቲሽ" ብላችሁ፣ ደር በሰማያዊ ዲ በቀይ ዳስ በአረንጓዴ እስክሪብቶ። ይሄን መጀመሪያ ላይ የዘለለ ሰው ኤ2 ሲደርስ ሁሉም ነገር ይደበላለቅበታል ምክንያቱም ቅፅሉም ተውላጠ ስሙም በፆታው ላይ ነው የሚገነባው። አንኪ የሚባለውን የካርድ አፕ ተጠቀሙ፣ ካርዱን ግን ራሳችሁ ስሩት፣ የሰው ካርድ አይያዝም።

ደሞ አማርኛ ተናጋሪ መሆናችሁ የሚጠቅማችሁ ቦታ አለ። "ቫይል" ማለትም "ምክንያቱም" ወይም "ስለ" ከሚለው በኋላ ግሱ ወደ መጨረሻ ይሄዳል፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እዚህ ጋ ሲቸገር እኛ ግን ድሮም ግስ መጨረሻ ላይ ነው የምናስቀምጠው። "ቫይል ኢኽ ኢን ዶይችላንት ሽቱዲረን ቪል" የሚለውን ቃል በቃል ብታዩት "ጀርመን መማር ስለምፈልግ" ነው፣ መፈለጉ መጨረሻ ላይ። "ዱ" እና "ዚ"ም እንደ አንተና እርስዎ ናቸው፣ ለማን የትኛው እንደሚባል ማንም ሳያስረዳችሁ ግማሹን ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ ሰዓት። "ሃልብ ድራይ" ሶስት ሰዓት ተኩል ይመስላል ግን ሁለት ተኩል ነው፣ ወደ ሶስት ግማሽ እንደማለት። በዛ ላይ የኛ ሰዓት አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ስለሚለይ ቀጠሮ ስትይዙ በ24 ሰዓት አቆጣጠር መፃፍ ይሻላል።

4ኛ. ከባህሉ አንድ የምትወዱትን ያዙ

እዚህ ላይ ነው ጊዜ መስጠት ያለባችሁ። ሁሉንም አትነካኩ፣ ድሮም በአማርኛ የምትወዱት ነገር ምንድነው? እሱኑ በጀርመንኛ ፈልጉ።

ማብሰል የምትወዱ ካላችሁ በጣም እድለኛ ናችሁ። ሼፍኮኽ የሚባል ትልቅ የጀርመን የምግብ አሰራር ድረገፅ አለ፣ የሰው ሁሉ አሰራር ተሰብስቦበት። ካርቶፍልዛላት ብላችሁ ፈልጉ፣ የድንች ሰላጣ ነው፣ ብዙ ጀርመናዊ ቤት የገና ዋዜማ ማታ ከቋሊማ ጋር የሚበላው እሱ ነው። ሰሜኖቹ በማዮኔዝ ይሰሩታል፣ ደቡቦቹ ግን በኮምጣጤ በዘይት እና በትኩስ መረቅ፣ እና የደቡቡን መረቁን የአትክልት ካደረጋችሁት ለፆም ይሆናል፣ ድንች ሽንኩርት ኮምጣጤ ሰናፍጭ የትም አለ። አሰራሩን ስታነቡ "ኤኤል" የሾርባ ማንኪያ፣ "ቲኤል" የሻይ ማንኪያ ነው። ቀቅል፣ ላጥ፣ ክተፍ፣ አማስል የሚሉት ግሶች በየአሰራሩ እየተመላለሱ ይመጣሉ፣ እጃችሁ ላይ ቢላ ይዛችሁ የተማራችሁት ቃል ደሞ አይጠፋም። እየሰራችሁ የምታደርጉትን ጮክ ብላችሁ በጀርመንኛ ተናገሩ፣ የቤት ሰው ይገረም፣ ግድ የለም።

ኳስ ለምትወዱ ደሞ ቡንደስሊጋው አብዛኛውን ጨዋታ ቅዳሜ በነሱ 15:30 ላይ ነው የሚጀምረው፣ በኛ በበጋቸው 10:30 በክረምታቸው 11:30 መሆኑ ነው። ጨዋታውን ማንም ያየዋል፣ ለቋንቋ ግን የሚሻለው የባየርን ወይ የዶርትሙንድ ዩቲዩብ ላይ ያለውን የአሰልጣኝ ጋዜጣዊ መግለጫ መስማት ነው። ማን ተጎዳ፣ ማን ይሰለፋል፣ ተጋጣሚው እንዴት ነው፣ በየሳምንቱ ያው ጥያቄ ያው መልስ ስለሆነ ወር ሳይሞላ ጆሯችሁ መያዝ ይጀምራል።

ልጆች ያሏችሁ ከነሱ ጋር "ዲ ዘንዱንግ ሚት ደር ማውስ"ን እዩ፣ ከ1971 ጀምሮ እሁድ እሁድ የሚታይ የልጆች ፕሮግራም ነው፣ እቃ እንዴት እንደሚሰራ በቀላል ቋንቋ በቀስታ ያሳያል። መክፈቻው ላይ የእለቱን ዝግጅት በጀርመንኛ ካስተዋወቁ በኋላ ያንኑ በሌላ አገር ቋንቋ ይደግሙታል፣ ጀርመን ውስጥ ከሌላ አገር የመጡ ልጆች የራሳቸውን ቋንቋ ቴሌቪዥን ላይ እንዲሰሙት ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ነገራቸውን በጣም ነው የምወደው። ትልቅ ሰውም ቢያየው ይማርበታል።

ስዕል ለሚወድ የፍራንክፈርቱ ሽቴደል ሙዚየም ስብስቡን ኦንላይን በነፃ ከፍቶታል፣ ክላሲክ ለሚወድ ዶይቼ ቬለ ዩቲዩብ ላይ ሙሉ ኮንሰርት ያስቀምጣል። ከጀርመን ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አንዳንድ ፕሮግራም ከጀርመን ውጪ አይከፍትም፣ ካልሰራላችሁ ወደ ሌላው እለፉ።

5ኛ. ዜና፣ ከቀላሉ

ኤ2 ስትደርሱ። የዶይችላንድፉንክ ሬዲዮ "ናኽሪሽተንላይሽት" አርብ አርብ የሳምንቱን ዜና በቀላል ጀርመንኛ ያወጣል፣ ፅሁፉም ድምፁም አለ። ታገስሻው የሚባለው የጀርመን ቴሌቪዥን ዜናም ከ2024 ወዲህ በቀላል ቋንቋ የሚቀርብ ዜና ጀምሯል። የዶይቼ ቬለ በቀስታ የሚነበበው ዜና ፍጥነቱ ዝግ ቢልም ቃላቱ ከባድ ናቸው፣ ከቢ1 በኋላ ይሁን።

6ኛ. ተናገሩ

ብዙ ሰው እዚህ ነው የሚቀረው፣ ይሰማል ያነባል ግን አፉን አይከፍትም። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ በየማታው የአንድ ደቂቃ ቮይስ ላኩ፣ ዛሬ ምን በላሁ የት ሄድኩ፣ ከወር በኋላ የመጀመሪያውን ስሙት። ታንደም የሚባል አፕ ላይ ደሞ እናንተ አማርኛ እያስተማራችሁ ጀርመንኛ የሚያስተምራችሁ ሰው መፈለግ ይቻላል፣ አማርኛ የሚማር ጀርመናዊ አለ ወይ ካላችሁ አለ፣ ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል አለ። ሉዶልፍ የኤርፈርት ሰው ነው፣ በ1652 ጎታ ከተማ ላይ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ተቀምጦ ግዕዝና አማርኛ ተማረ፣ አንድም ቀን ኢትዮጵያን ሳይረግጥ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ከአንድ ተናጋሪ ጋር ተቀምጦ በማውራት የት ድረስ እንደሚደረስ ከዚህ በላይ ማሳያ አላውቅም።

ያገኛችሁትን ሰው ጊዜውን ለሁለት ክፈሉት፣ ግማሹ አማርኛ ብቻ ግማሹ ጀርመንኛ ብቻ፣ ካልሆነ ሁለታችሁም እንግሊዝኛ ላይ ትወድቃላችሁ።

7ኛ. ፈተና የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ

ለትዳር ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ ኤ1 ነው የሚጠየቀው፣ ለሙያ ስልጠና ቢ1 ወይ ቢ2፣ ነርስ ለሆነ ሰው በአብዛኛው ቢ2፣ የናንተን ግን ከኤምባሲው አረጋግጡ። አዲስ አበባ ላይ ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ይፈትናል። የኤ1 ናሙና ፈተና ከነድምፁ ድረገፃቸው ላይ በነፃ አለ፣ ሰዓት ይዛችሁ ስሩት፣ ማለፊያው ከ100 ላይ 60 ነው። መፃፉ ፎርም መሙላትና ወደ 30 ቃል የሚሆን አጭር መልእክት ነው፣ ስለዚህ የመልእክት መክፈቻና መዝጊያውን በቃል ያዙት። ንግግሩ በቡድን ነው፣ ካርድ ስባችሁ ትጠይቃላችሁ ትመልሳላችሁ፣ ከጓደኛ ጋር በቮይስ ኮል ደጋግማችሁ ስሩት። ስትመዘገቡ ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ ባለው ስፔሊንግ ፊደል በፊደል ሙሉት፣ የቤተሰብ ስም የሚለው ቦታ ላይም ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ነው የምትፅፉት።