የፎጣ ጋዋን ጥጥ መሆኑን በክር እዩ

ድሬዳዋ ታይዋን ወይም ቀፊራ ገበያ የፎጣ ጋዋን ስትገዙ ልስላሴው አያታልላችሁ። ፖሊስተርም ይለሰልሳል፤ ግን እንደ ጥጥ ውሃ አይመጥም፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ገላ ላይ ይጣበቃል። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከውስጥ እጥፋቱ አንድ ቀለበት ክር በመቀስ ቁረጡ (ከተመዘዘ ረድፉ ይተረተራል)፣ ከሱቁ ወጣ ብላችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። የመስፊያውን ክር ግን አትሞክሩ፤ በንጹሕ ጥጥ ጋዋን ላይም ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው።

የውሃ ጠብታ ሙከራ አዲስ ጋዋን ላይ አያስተማምንም፤ የፋብሪካ ማለስለሻ ያለበት ጥጥ እስኪታጠብ ድረስ ውሃ ላይመጥ ይችላል። ክሩን ስትለኩሱ በወረንጦ ያዙት፣ የቀለጠ ፖሊስተር ጣት ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል።