አሜሪካ ውስጥ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ለመግዛት ወረቀቱ እንዴት ያልቃል?

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለድምፅ ማፈኛ ይከፈል የነበረው የ200 ዶላር የፌዴራል ታክስ ዜሮ ሆኗል። ታክሱ የተጣለው በ1934 በወጣ ሕግ ነበር። ዜናው የደረሰው ብዙ ሰው «እንግዲህ ሱቅ ገብቶ መግዛት ነው» ብሎ ያስባል። አይደለም። የቀረው ገንዘቡ ብቻ ነው። ምዝገባው፣ አሻራው፣ ፎቶው፣ የጀርባ ታሪክ ማጣራቱ እንዳለ ነው። ሳያስመዘግቡ ይዞ መገኘት እስከ 10 ዓመት እስር ያስፈርዳል። ዜግነት ያላገኘ ሰው ደግሞ በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። በፌዴራል ሕግ ማፈኛው ራሱ እንደ ጦር መሣሪያ ነው የሚቆጠረው። ግሪን ካርድ ይዘን ለምንኖር ሰዎች እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ዕቃው ፊልም ላይ እንደምናየው ተኩስን ድምፅ አልባ አያደርግም። የተኩስ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል። በዚያ መጠን አንዴ የተሰማ ድምፅ እንኳ ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ማፈኛው ከዚያ ላይ ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። አዳኞችና ተኩስ የሚለማመዱ ሰዎች የሚገዙትም ለጆሯቸው ብለው ነው። ጥሩ ምክንያት ነው። ወረቀቱ ግን በደንብ መሠራት አለበት።

መጀመሪያ፦ የሚኖሩበት ግዛት ይፈቅዳል?

ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኢሊኖይ፣ ሮድ አይላንድ፣ ዴላዌርና ሃዋይ ለግለሰብ አይፈቅዱም። ዋሽንግተን ዲሲም አትፈቅድም። ይህ የእኛን ሰው በቀጥታ ይነካል። ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወይም አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) የሚኖር ሰው በሕግ መግዛት ይችላል። ዲሲ የሚኖረው ወንድሙ አይችልም። ገዝቶ ያስመዘገበውም ቢሆን ዕቃውን መኪናው ውስጥ አስቀምጦ ዲሲ ምሳ ሊበላ መግባት የለበትም። የግዛት ሕግ ስለሚቀያየር ከመክፈልዎ በፊት አዲሱን ይመልከቱ። ዕቃውን የሚረከቡትም በሚኖሩበት ግዛት ካለ ነጋዴ ብቻ ነው።

ቀጥሎ፦ እርስዎስ ይፈቀድልዎታል?

ከነጋዴ ለመግዛት 21 ዓመት የሞላዎት መሆን አለብዎት። ከአንድ ዓመት በላይ እስር በሚያስቀጣ ወንጀል የተፈረደበት ሰው አይችልም። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበትም አይችልም፤ ፍርዱ ቀላል በሚባል ወንጀል ቢሆንም እንኳ። «ያ እኮ ትንሽ ጠብ ነበር፣ ድሮ አልቋል» አያዋጣም። የቆየ ፋይል ካለዎት መጀመሪያ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። የማመልከቻ ፎርሙ ላይ ዜግነቱንና የኢሚግሬሽን ቁጥሩን ይሞላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው። የአሜሪካ የአደን ፈቃድ እንዳለው ሰው ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። የጥገኝነት ጉዳይዎ ገና ያልተቋጨ ከሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ አንድም ፎርም አይፈርሙ።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፤ ጫት። ፎርሙ የተከለከለ ዕፅ ይጠቀሙ እንደሆነ ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግባቸው ዕፆች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ ነው። ማሪዋናም፣ ግዛትዎ ቢፈቅደው እንኳ፣ ፎርሙ ላይ በግልጽ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። «ባህላችን ነው» የሚለው መልስ እዚያ ጋ አይሠራም። ፎርሙ ላይ መዋሸት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የሚቅሙ ከሆነ አያመልክቱ።

በስምዎ ነው ወይስ በትረስት?

በግለሰብ ስም ከተመዘገበ ዕቃው የእርስዎ ብቻ ነው። እርስዎ ባሉበት ሌላ ሰው ተኩሶ ሊሞክረው ይችላል። እርስዎ በሌሉበት ግን ባለቤትዎም ሆነች ልጅዎ ሊይዙት አይገባም። የካዝናውን ቁልፍ እንኳ ለሌላ ሰው መስጠት ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ለቤተሰብ የሚሆን ከሆነ ትረስት የሚባል የሕግ ሰነድ ይዘጋጃል። በእሱ ስም ሲመዘገብ ሰነዱ ላይ ያሉት ባለአደራዎች ሁሉ ሊይዙት ይችላሉ። ግን እያንዳንዳቸው ፎቶና አሻራ ይሰጣሉ፣ መጠይቅም ይሞላሉ። ብቻውን ለሚኖር ሰው በስሙ ማስመዝገቡ ይቀላል። ባለትዳር ከሆኑ እኔ ትረስቱን እመርጣለሁ።

ለሌላ ሰው በስምዎ ማውጣት ግን አይሞከርም። እኛ ዘንድ «ለወንድሜ በስሜ ላውጣለት» ማለት ደግነት ነው። እዚህ ግን ወንጀል ነው፤ መሣሪያ መያዝ እንደተከለከለ እያወቁ ለሌላ ሰው ገዝቶ ማቀበል በ2022 በወጣ ሕግ እስከ 15 ዓመት ሊያሳስር ይችላል።

ሱቁና ፎርም 4

ማፈኛ የሚሸጠው ሁሉም የመሣሪያ ሱቅ አይደለም። ልዩ ግብር የሚከፍል፣ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ያስፈልጋል። «ሳይለንሰር ትሸጣላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ዕቃውን መርጠው ይከፍላሉ። ዕቃው ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ ይቀመጣል። በስምዎ ፈቃድ ሳይወጣ ይዘውት አይወጡም።

ማመልከቻው ፎርም 4 ይባላል። የሚቀርበው መሣሪያን ለሚቆጣጠረው፣ ኤቲኤፍ ለሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። በወረቀት መላክ ይቻላል፤ በኢንተርኔት ግን ይፈጥናል። ለዚህ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በራስዎ ስም አካውንት ይከፍታሉ፣ ነጋዴው የዕቃውን ዓይነትና መለያ ቁጥር ይሞላል፣ እርስዎ የራስዎን ሞልተው ያረጋግጣሉ። የፓስፖርት ዓይነት፣ ሁለት ኢንች በሁለት ኢንች የሆነ ፎቶ ያስፈልጋል። አንድ ዓመት ያለፈው መሆን የለበትም። አሻራ በካርድ ላይ በቀለም ወይም በማሽን ይነሳል። ማሽኑ ያላቸው ሱቆች ብዙ ናቸው፣ እሱን ይምረጡ። የፎርሙ አንድ ቅጂ ለአካባቢዎ የፖሊስ አዛዥ ወይም ሸሪፍ ይላካል። ይህ ማሳወቅ ብቻ ነው፤ ከ2016 ወዲህ የእሱ ፊርማ አያስፈልግም።

ረጋ ብለው መሥራት ያለብዎት ስሙ ላይ ነው። የአሜሪካ ፎርም የሚያውቀው የመጀመሪያ፣ የመካከለኛና የመጨረሻ ስም ነው። የእኛ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም እዚያ ሳጥን ውስጥ በየጊዜው በተለያየ መንገድ ገብቷል። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም መጨረሻ ላይ ይገኛል፣ ሌላው ላይ መካከል። አንዱ «ጸ»ን በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፈዋል፣ ሌላው በሁለት። የልደት ቀንም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር የተዛባ ብዙ ነው። ስለዚህ መንጃ ፈቃድዎን፣ ግሪን ካርድዎን ወይም የዜግነት ወረቀትዎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ ያስተያዩ። ልዩነት ካለ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ። መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻም አሁን የሚኖሩበት ይሁን። ሌላ የተጠቀሙበት ስም ካለ በሚጠየቅበት ቦታ ይጻፉት። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚቆጥበው እሱ ነው።

ከዚያ መጠበቅ ነው። አንዳንዱ በቀናት ይወጣለታል፣ አንዳንዱ ወራት ይጠብቃል። ስምዎ ከሌላ ሰው ስም ጋር እየተምታታ በየጊዜው የሚያዘገይዎት ከሆነ፣ ለኤፍቢአይ አመልክተው ዩፒን የሚባል የግል መለያ ቁጥር ማውጣት ይችላሉ።

ርክክቡ

ፈቃዱ ሲወጣ ሱቁ ይጠራዎታል። መታወቂያ ይዘው ይሄዳሉ። እዚያ 4473 የሚባል ሌላ ፎርም ይሞላሉ። ከላይ ያነሳናቸው ጥያቄዎች እንደገና ይመጣሉ፤ መልሱ ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆን አለበት። የጀርባ ማጣራቱ ለፈቃዱ ስለተሠራ አይደገምም። ከመውጣትዎ በፊት ማፈኛው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን በዓይንዎ ይዩ።

ኢንተርኔት ላይ «የመሣሪያ ማጽጃ» ወይም «የመኪና ፊልትሮ» ተብለው በርካሽ የሚሸጡ ቱቦዎች አሉ። ብዙዎቹ ቀዳዳ ብቻ ያልተበሳላቸው ማፈኛዎች ናቸው። ያለ ፎርም በፖስታ የሚመጣ ማፈኛ የለም። እነሱን አይንኩ።

ከገዙ በኋላ

የፈቃዱን ቅጂ ከዕቃው ጋር ይያዙ። ዋናውን ቤት ያስቀምጡ። ወደ ሌላ ግዛት ሲሄዱ ለማፈኛ የተለየ የፌዴራል የጉዞ ፈቃድ አያስፈልግም፤ የሚሄዱበት ግዛት ግን የሚፈቅድ መሆን አለበት። ቤት ሊቀይሩ ሲያስቡም እንዲሁ። ወደ ኢትዮጵያ ሲሄዱ ሻንጣ ውስጥ መክተት በፍጹም አይታሰብም። ከአሜሪካ ለማውጣት ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የኤክስፖርት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ሌላ ከባድ ወንጀል ነው።

በስማቸው አስመዝግበው የያዙ ሰዎች ቤተሰባቸው ወረቀቱ የት እንዳለ ይወቅ። ያስመዘገበው ሰው ሲሞት ዕቃው ለወራሹ የሚተላለፈው ፎርም 5 በሚባለው ማመልከቻ ነው። የውርስ ጉዳዩን በሕግ የተሾመው ሰው እስኪጨርስ ድረስ ማንም ዘመድ ለማስታወሻ ብሎ ወደ ቤቱ ሊወስደው አይችልም።