ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅን እድገት በቤት ውስጥ መከታተል

የክትባት ካርድ በጥንቃቄ የሚያስቀምጡ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ ልጁ መቼ ድክ ድክ እንዳለና መቼ በጣቱ ጠቁሞ እንዳሳየ ቀኑን የሚጽፉ ግን ጥቂት ናቸው። ከካርዱ ጋር አንድ ደብተር ማስቀመጥና አዲስ ነገር በታየ ቁጥር መመዝገብ ይበጃል። 37 የእርግዝና ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ልጅ እስከ 2 ዓመቱ ድረስ ዕድሜው የሚሰላው ሊወለድበት ከታሰበው ቀን ተነሥቶ ነው።

በመራመድ ረገድ መቻኮል አያሻም። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናት ላይ ባካሄደው ጥናት፣ ጤናማ ልጆች ብቻቸውን መሄድ የጀመሩት ከ8 ወር ገደማ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ሰፊ ጊዜ ውስጥ ነው። በ18 ወሩ ያልሄደ ልጅ ግን በሐኪም መታየት አለበት። ጎማ ያለው መራመጃ እግር አያፈጥንም፤ ለአደጋ ግን ያጋልጣል።

ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ንግግር ነው፤ ምክንያቱም «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እየተባለ ብዙ ወራት በከንቱ ያልፋሉ። ልጁ በ18 ወሩ ከ«እማ» እና «አባ» ሌላ ሦስት ያህል ቃላት ለማለት መሞከር፣ ደስ ያለውንም ነገር በጣቱ ጠቁሞ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ በ2 ዓመቱ ደግሞ «አባ መጣ» እንደሚለው ሁለት ቃል ያጋጥማል። በቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ የሚነገር ከሆነ የሁለቱም ቃላት አብረው ይቆጠራሉ፤ ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያዘገይም። መረዳቱን ለማወቅ በእጅም ሆነ በዓይን ሳይጠቁሙ «ጫማህን አምጣ» ማለት ነው። የሚያመጣው ሲጠቆምለት ብቻ ከሆነ፣ በቅድሚያ ጆሮው እንዲመረመር ማድረግ ተገቢ ነው።

ለማገዝ ውድ መጫወቻ አያስፈልግም። ልብስ ሲታጠፍ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ቸኩሎ ሳይናገሩለት ጥቂት ዝም ብሎ መጠበቅ (ከባዱ ይኸኛው ነው) ልጁ እንዲናገር ዕድል ይሰጠዋል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስልክና ቴሌቪዥን አይመከርም፤ ከዚያ በኋላም በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል።

ይናገር የነበረውን ቃል የተወ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ያቆመ ወይም ይሄድ የነበረና መሄድ ያቃተው ልጅ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይወሰድ። በሌላው መዘግየት ባለሙያው «እንጠብቅ» ካለ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቆ የቀጠሮ ቀን ማስያዝ ያስፈልጋል።