መዓተኛ፦ አንድ የድሮ ስድብና ስህተቶቻችን

ቢቸና፣ አያቴ ቤት ቡና እየጠጣን የአንድ ጎረቤት ስም ተነሳ። «ተዉት፣ እሱ መዓተኛ ነው» አለች አያቴ። ከአዲስ አበባ የመጣው የአጎቴ ልጅ ቀና ብሎ፣ «የምን መዓት ነው ያለው እምዬ? ብር ነው?» አላት። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ዛሬ «የሰው መዓት» ስንል ብዛት ማለታችን ነው። በግዕዝ ግን መዓት ቁጣ ነው። ዳዊት የደገመ ሰው መዝሙር 102 ላይ ያለውን «ርኁቀ መዓት ወብዙኀ ምሕረት» አይረሳውም፤ አማርኛው «ከቁጣ የራቀ፣ ምሕረቱም የበዛ» ይለዋል። እንግዲህ እንደ ነገረኛና እንደ ጠበኛ «ኛ» ሲጨመርበት፣ ቁጣ ከአፉ የማይጠፋ ሰው ይሆናል። ብዛቱ ኋላ የመጣ ትርጉም ነው። ለነገሩ ቁጣ ሲወርድ መች በአንድ ቃል ያበቃል?

ሁለተኛው ስህተት የተማረ ሰው ስህተት ነው። «መዓት ከምእት የመጣ ነው፤ ምእት መቶ ነው፣ መቶ ደግሞ ብዙ ነው» ይላሉ። ሲሰሙት ያምራል፣ ግን አይሆንም። ምእት የሚጻፈው በአልፋው አ ነው፤ ምእተ ዓመት እንደምንለው። መዓት ግን በዐይኑ ዐ ነው። ዛሬ ሁለቱን አንድ አድርገን ስለምናነብ ልዩነቱ ጠፍቶብናል። ዋሸራ ወይም ጎንጅ ቅኔ ቤት ገብቶ ግስ ያጠና ሰው ፊት ግን ይህን ብትሉ መዓቱን ታያላችሁ።

ኮስታራውንም መዓተኛ አትበሉት። ኮስታራ ፊቱ አይፈታም እንጂ ሰው ላይ አይጮህም። አኩራፊም ሌላ ነው፤ እሱ ዝም ብሎ ነው የሚቀጣችሁ። መዓተኛ ዝም አይልም። የአያቴ ጎረቤት ዶሮ አጥሩን ካለፈች ዱላ ይዞ ይወጣል፣ ሰፈሩን ይሰድባል። በማግስቱ የሆነውን ሁሉ ረስቶ ጠላ ሊቀምስ ይመጣል።

ደግሞ በፊቱ አትበሉት። አያቴ ያን ቃል የተናገረችው ሰውየው በደጃፋችን አልፎ ከራቀ በኋላ ነው። ሲያልፍ ግን ከበሩ ቆማ፣ «አያ፣ ጎራ ይበሉ እንጂ፣ ቡናው ደርሷል!» ብላው ነበር።