ፍየሏ ታስላለች፣ የደም ምርመራው ግን «የለባትም» ይላል

ከባቲ የሰኞ ገበያ የተገዛች ፍየል መንጋው ውስጥ ትገባለች። ሳምንት አሥር ቀን ሳይሞላ ሳል ይነሳል። ትኩሳቱ 41 ዲግሪ ይደርሳል። ፍየሎቹ የፊት እግራቸውን አንፈራጠው፣ አንገታቸውን ዘርግተው ያቃስታሉ። አብረዋቸው የሚያድሩት በጎች ግን ደህና ናቸው። ይሄ የፍየል ሳንባ የሚባለውን በሽታ አጥብቆ ያስጠረጥራል። በጎቹም ከታመሙ፣ አፋቸው ከቆሰለና ካስቀመጣቸው ግን ደስታ መሰል በሽታን አስቡ።

ደሙ ኮምቦልቻ ላቦራቶሪ ሄዶ «የለባትም» ሲባል ብዙ አርቢ እፎይ ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ እፎይታ ነው። ምርመራው የሚፈልገው ጀርሙን አይደለም፤ ሰውነቷ ጀርሙን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። እሱ ደግሞ መታየት የሚጀምረው ምልክቱ ከወጣ ከ7 እስከ 9 ቀን በኋላ ነው። የሚበዛው ከ22 እስከ 30 ቀን ላይ ነው። በጣም የታመመችው እስከዚያ ላትቆይ ትችላለች።

ስለዚህ ከአንዲት ፍየል ብቻ ደም አታስወስዱ። ቀድመው ታመው የተረፉትን ጨምራችሁ ከብዙዎቹ ይወሰድ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ከእነዚያው ይደገም። የሞተች ካለች ሳትቆይ በባለሙያ ትከፈት። ደረቷ ውስጥ ቢጫ ፈሳሽ ካለና አብዛኛውን ጊዜ እንደሚሆነው አንደኛው ሳንባ ብቻ ከተጎዳ፣ ከሳንባውና ከፈሳሹ በበረዶ ይላክ። ጀርሙ ራሱ የሚገኘው እዚያ ነው።

ሕክምናው ውጤት አይጠብቅም። ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ታይሎሲን በጊዜ ከተሰጠ ያድናል፤ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን። ፔኒሲሊን ግን ገንዘብ ማባከን ነው። መድኃኒቱ የሚያጠቃው የጀርምን ግድግዳ ነው፤ ይሄ ጀርም ደግሞ ግድግዳ የለውም።

ናሙናው «ተበላሽቷል» ከተባለስ? አንዴ ገና ያልረጋ ደም በባጃጅ ይዤ ስንገጫገጭ ሄድኩ። እንደ ብርዝ መጥራት የነበረበት ሴረም፣ ማለትም ደሙ ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ፣ እንደ ካርካዴ ቀልቶ አገኘሁት። የፍየሎቹ ስቃይ በከንቱ ቀረ። ደሙን መርጋት የሚከለክል መድኃኒት የሌለው፣ ቀይ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ አድርጉት። ጥላ ቦታ ሳይነካ ይርጋ። ሴረሙን ወደ ሌላ ቱቦ ለዩና በበረዶ ላኩ። ያልተለየ ደም ፍሪዘር አይገባም።

የታመመ ሳይኖር «አለባቸው» ከተባለ ደግሞ መጀመሪያ የክትባት ቀናቸውን አጣሩ። ክትባትም አንቲቦዲ ያሠራል።