የወረቀት መጻሕፍታችሁን ሎጎስ ውስጥ መዝግቡ፦ በርዕስ ብቻ ሳይሆን በጥቅስ

አንድ መጽሐፍ ስለምታስተምሩት ጥቅስ ግሩም ማብራሪያ ይዞ መደርደሪያችሁ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ቅዳሜ ማታ ለነገው ትምህርት ስትዘጋጁ ካላገኛችሁት ግን እንደሌለ ቁጠሩት።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቤቴ ያሉት መጻሕፍት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ የአማርኛና የግእዝ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሱቆችና ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች የተገዙ። ሌሎቹ ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣልኝ የእንግሊዝኛ ትርጓሜዎች ናቸው። ሁሉንም የምፈልጋቸው በአንድ ቦታ ነው፤ ሎጎስ በሚባለው የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ ሶፍትዌር። መጻሕፍቱ እዚያ ውስጥ የሉም። ያለው አድራሻቸው ነው። ለዝግጅት ደግሞ አድራሻው ይበቃል።

ከቀላሉ እንጀምር፤ ከእንግሊዝኛዎቹ። ሎጎስ እ.ኤ.አ. በ2022 ካወጣው 10ኛ ስሪት ወዲህ የታተሙ መጻሕፍትን መመዝገቢያ አለው። የስልኩን አፕ ከፍታችሁ የመጽሐፉን የጀርባ ባርኮድ በካሜራ ታስነብባላችሁ። መጽሐፉ ሎጎስ በዲጂታል ከሚሸጣቸው አንዱ ከሆነ ይመዘገብላችኋል። ከዚያ በኋላ ቃል ስትፈልጉ ውጤቱ ውስጥ ያ መጽሐፍ ከነገጹ ይመጣል፤ ተነስታችሁ ከመደርደሪያ ማውረድ ብቻ ነው። የሜኑው ቦታ በየስሪቱ ስለሚቀያየር የት እንደሚጫን እዚህ አልዘረዝርም። እትሙን ግን አመሳክሩ። የወፍራም ሽፋንና የስስ ሽፋን እትም አይኤስቢኤን (ከባርኮዱ ጋር የሚታተመው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ይለያያል፤ አንዳንዴ የገጽ ቁጥሩም አብሮ ይለያያል። አንድ ሁለት ገጽ ገልጣችሁ ካልገጠመ፣ ትክክለኛውን እትም ፈልጉ።

የባርኮዱ ጥቅም እዚህ ያበቃል። አዳዲስ የአማርኛ መጻሕፍት ላይ በ978-99944 የሚጀምር የኢትዮጵያ አይኤስቢኤን ታገኙ ይሆናል። እኔ ካስነበብኳቸው ውስጥ የተገኘልኝ የለም። የቆዩት ደግሞ ጭራሽ ባርኮድ የላቸውም። ስለዚህ ለአማርኛና ለግእዝ መጻሕፍት የምጠቀመው ሌላ መንገድ ነው፤ ኖት፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚጻፍ አጭር ማስታወሻ። ዋናው ጉዳይም ይኸው ነው።

ሎጎስ ውስጥ የምትጽፉትን ኖት ከአንድ ጥቅስ ጋር ማሰር ትችላላችሁ። ስታስሩ ከአንዱ ትርጉም ቃላት ጋር ሳይሆን ከምዕራፍና ቁጥሩ ጋር እሰሩት። እንዲህ ከሆነ የትኛውንም መጽሐፍ ቅዱስ ብትከፍቱ፣ ከዚያ ቁጥር ጎን ምልክቱ ይታያል። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን አንድ ኖትቡክ (የኖቶች ማኅደር) ክፈቱ። የእኔ ስሙ «መደርደሪያ» ነው። ከግል ማስታወሻችሁ ጋር አትደባልቁት።

ቀጥሎ መደርደሪያውን ራሱን አድራሻ ስጡት። ከላይኛው ረድፍ ጀምሮ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያላችሁ፣ ከዚያ የመጽሐፉን ተራ ቁጥር። ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ የመጽሐፉ ጀርባ ላይ ለጥፉ። ለቆዩ መጻሕፍት ማጣበቂያ አትጠቀሙ፤ ሽፋኑን ይልጠዋል። ውስጠኛው ገጽ ላይ በእርሳስ ጻፉት።

አሁን አንድ ኖት ላሳያችሁ። ከስብከት ስብስቦቼ ከአንዱ የወሰድኩት ነው፦

ሉቃ 15፥11-32
ጠፍቶ የተገኘው ልጅ፣ ንስሐ፣ ይቅርታ፣ አባት
ሐ-7፣ ገጽ 142-149
ታላቅ ወንድሙ ለምን እንደተቆጣ በደንብ ያብራራል። ለታዳጊዎች ክፍል ይሆናል።

በቃ ይኸው ነው። አራት መስመር። ከሁሉም የሚበልጠው አራተኛው መስመር ነው። የዛሬ ዓመት ሉቃስ 15ን ስትከፍቱ አምስት ምልክት ታያላችሁ እንበል። አምስቱንም መጽሐፍ ማውረድ አያስፈልግም። የትኛው ስለምን እንደሚናገር ራሳችሁ ጽፋችሁታል። ስለዚህ መጽሐፉ እጃችሁ ላይ እያለ፣ ሐሳቡ ትኩስ እንደሆነ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ጥሩ ነው» ብቻ ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። ለምን ጥሩ እንደሆነ ጻፉ።

የገጽ ቁጥሩ የመጽሐፉ ላይ ፻፵፪ ተብሎ ቢታተምም እናንተ 142 ብላችሁ አስገቡ። በግእዝ ቁጥር ከጻፋችሁት በኋላ በ142 ብትፈልጉ አታገኙትም። በድሮ ሕትመት በቃላት መካከል ያለውን ሁለት ነጥብም ትታችሁ በክፍት ቦታ ጻፉ።

የፊደል ነገር ጭንቅላት ያዞራል። ኮምፒውተር ለሀ፣ ለሐና ለኀ የተለያየ ቁጥር ነው የሚሰጣቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። አንዱ መጽሐፍ «መፃጉዕ» ሲል ሌላው «መጻጉዕ» ይላል። መጽሐፉ የጻፈበትን ርዕስ እንዳለ ገልብጡ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ያሉትን መፈለጊያ ቃላት ግን ሁልጊዜ በአንድ አጻጻፍ ጻፉ። የመረጣችሁትን አጻጻፍ አንድ ገጽ ላይ ዘርዝራችሁ ጠረጴዛችሁ አጠገብ ለጥፉ። ቃሎቹ ደግሞ እርቃናቸውን ይሁኑ። «በንስሐ»፣ «የንስሐ»፣ «ንስሐን» ሳይሆን «ንስሐ»። አማርኛ ፊትና ኋላው ላይ ብዙ ስለሚቀጥል፣ የአማርኛ ሰዋስው የማያውቅ ፕሮግራም እነዚህን እንደ አራት የተለያዩ ቃላት ነው የሚያያቸው።

መዝሙረ ዳዊት ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። የቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት የሚከተሉት የሰብዓ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ብሉይ ኪዳን ትርጉም) ቆጠራ ነው። ይህ ቆጠራ ዘጠነኛውንና አሥረኛውን አንድ ስለሚያደርግ፣ ከዚያ በኋላ እስከ 147 ድረስ አብዛኛው ከእንግሊዝኛው በአንድ ያንሳል። አባቶች «መዝሙር 50» ብለው የጻፉት የዳዊት የንስሐ መዝሙር፣ በአብዛኛው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ 51 ነው። ኖቱን የምታስሩት እዚያው ሶፍትዌሩ ላይ ከከፈታችሁት ቁጥር ጋር ነው፤ በጽሑፍ ግን «መዝ 50 (51)» በሉ። ሁለቱም ሲጻፍ በየትኛውም ብትፈልጉ ይመጣል።

ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ውስጥ የተለመደው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሌለው አለ። መጽሐፈ ኩፋሌን የምታስሩበት ቁጥር ላታገኙ ትችላላችሁ። እንደነዚህ ያሉትን ከጥቅስ ጋር ሳታስሩ ጻፏቸውና «ኩፋሌ» የሚል ታግ (ኖቶችን በአንድ ስም ሰብስቦ የሚያመጣ መለያ ቃል) ስጧቸው። መቃብያንን በተመለከተ አደራ የምለው አለ። የእኛ መቃብያን ከግሪኩ መቃብያን ጋር ስሙ ቢመሳሰልም መጽሐፉ ሌላ ነው። የእኛን ማብራሪያ ከግሪኩ ምዕራፍ ጋር ብታስሩት ነገ የሚያነበውን ሰው ታሳስታላችሁ።

በገጽ ፋንታ የስብከት ወይም የድርሳን ቁጥር ካለ እሱን አስቀድሙ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል የተረጎመባቸው ስብከቶች 90 ናቸው። እትሙ ቢቀየር፣ ቋንቋው ቢቀየር፣ የስብከቱ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። መጽሐፉን ለሌላ እትም ብትለውጡት እንኳ ኖታችሁ አይሞትም።

የመጻሕፍቱን ዝርዝር ስታዘጋጁ፣ የደራሲ ስም ላይ ፈረንጅ የሠራው ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይላችኋል። እኛ የለንም። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የሚመዘገቡት በ«ኪዳነ ወልድ» እንጂ በ«ክፍሌ» አይደለም። «አለቃ»፣ «መምህር»፣ «ሊቀ ጉባኤ» የሚለውን ማዕረግ ከስሙ በኋላ አድርጉት፤ ከፊት ካደረጋችሁት ዝርዝሩ ሁሉ በማዕረግ ይደረደራል። የሕትመት ዓመቱን በመጽሐፉ ላይ እንዳለ ጽፋችሁ «ዓ.ም.» ጨምሩበት። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አትቀይሩት፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነቱ በኋላ የትኛው እትም እንደሆነ ያምታታል።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ ከመደርደሪያው ጫፍ አትጀምሩ። ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚያ ላይ ነው። ከሚመጣው ወቅት ጀምሩ። እኔ የምመክረው የዐቢይ ጾምን እሑዶች ነው፦ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። ስምንት እሑድ፣ ስምንት ወንጌል። ለገብር ኄር ማቴዎስ 25፥14-30ን ትከፍታላችሁ። ስለ መክሊቱ የሚናገሩትን መጻሕፍት ሁሉ ታወርዳላችሁ። እያነበባችሁ ለእያንዳንዱ ኖት ትጽፋላችሁ፤ «ገብር ኄር» የሚል ታግም ትጨምራላችሁ። ለትምህርቱ መዘጋጀት ነበረባችሁ፤ ምዝገባው አብሮ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት ያንን ታግ ስትጫኑ መጽሐፉም ገጹም የጻፋችሁትም አስተያየት አንድ ላይ ይመጣል። እንዲህ እያላችሁ የምትጠቀሙባቸው መጻሕፍት ቀድመው ይገባሉ። የማትነኩት መጽሐፍ ደግሞ ተራው እስኪደርስ ይቆያል።

የአማርኛ መጻሕፍት ከፊታቸው ማውጫ ቢኖራቸውም መጨረሻቸው ላይ የጥቅስ ዝርዝር ያላቸው ጥቂት ናቸው። ጊዜ ካጣችሁ ማውጫውን ብቻ በአንድ ኖት ተይቡት። ከባዶ በእጅጉ ይሻላል። መጽሐፉን ሙሉውን ፎቶ እያነሱ ማስገባትን ግን አልደግፍም። የደራሲው ድካም አለበት።

ሰው መጽሐፍ ሲዋስ ኖቱ ላይ «ተውሶ» የሚል ታግ አድርጉና የወሰደውን ሰው ስምና ቀን ጨምሩ። ሲመለስ አጥፉት። ሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ መጽሐፍ የሚጠፋው በሌባ ሳይሆን ማን ጋ እንዳለ በመረሳቱ ነው። በየወሩ መጨረሻ «ተውሶ» የሚለውን ፈልጉና ለተዋሱት ደውሉ።

ኢንተርኔት ሲኖር ስልኩና ኮምፒውተሩ ኖቶቹን ይለዋወጣሉ። የመጽሐፍ ቁጥርና ርዕስ ዝርዝሩን ግን ለብቻው ኤክሴል ላይ ያዙ። በዓመት አንዴ አትማችሁ ለአንድ የክፍል ጓደኛችሁ ስጡ፤ እናንተ ከሌላችሁም ተማሪው መጽሐፉን ያገኘዋል።